ሳነቴ ላይ ያፏጨው ካርቶን

ሚስቴ አስናቀች እንግዳ ሲመጣ እኔን የምታስተዋውቅበት የራሷ መንገድ አላት። «ይኼ ባለቤቴ ተሰማ ነው። መንግሥት ጡረታ አውጥቶታል፤ አልጋው ሥር ግን ገና ሥራ ላይ ነው» ትላለች። እንግዳው ግራ ሲጋባ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ልብስ ገለጥ ታደርግለታለች። ወይን ነው። ተጋድሞ የተደረደረ፣ አቧራ የለበሰ፣ በቤቱ ውስጥ ከእኔ በላይ የተከበረ ወይን።

ይህን ታሪክ ስጀምረው ሁሌ እየሳቅሁ ነው። መሀሉ ላይ ስደርስ ግን እጄ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሳይቀዘቅዝ ልጀምር።

ባሌ የመጣሁት በወጣትነቴ የገብስ ዘር ባለሙያ ሆኜ ነው። አጋርፋ በሉ ገሰራ፣ ያልረገጥኩት ማሳ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ገበሬውን «ገብስ እንዲህ ይዘራል» ስለው ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ጎባ ቤቴ ስቀመጥ ገብሱን መጠጣት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ግን ወይኑ ነበር። እኛ ዘንድ ወይን የበዓልና የሠርግ ነገር ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ያልተሸጠው ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ይረሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እኔ የማድነው እሱን ነው። ሮቤ እወርዳለሁ፣ ግሮሰሪ እገባለሁ፣ ከፊት የቆመውን አልነካም፤ ፀሐይ በልቶት ኮምጣጤ ሆኗል። «እስቲ ከጀርባ፣ ከሳሙናው ካርቶን ኋላ ያለውን አሳየኝ» እላለሁ። ባለሱቁ አቧራውን በክንዱ እየጠረገ «አባባ፣ ይኼ እኮ የቆየ ነው» ይለኛል።

«እኔስ?» እለዋለሁ።

የቅምሻ ጓደኛዬ ዳዊት ነው። ሮቤ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ምግብ አሠራር የሚያስተምር የሐዋሳ ልጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፣ በሻይ ብርጭቆ እንቀምሳለን። እሱ «ጋሼ፣ ይኼ የእንጆሪ ጠረን አለው» ይላል። እኔ «የለም፣ ዝናብ የመታው አጥር ነው» እላለሁ። አስናቀች ከወጥ ቤት ሆና «እኔን የሚሸተኝ የጡረታ ደመወዝ ነው» ትላለች።

ቢራ በቤት መጥመቅ ያስተማረኝም ዳዊት ነው። የባሌ ገብስ ብቅል፣ ጌሾ፣ እርሾ፣ በመጨረሻም ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ አረፋ እንዲሰጠው ጠብታ የሃረና ጫካ ማር። ልጁ በደንብ አስጠንቅቆኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ማሩ ጠብታ ብቻ! ደግሞ በወይን ጠርሙስ እንዳይሞሉት፤ ቀጭን ነው፣ ግፊት አይችልም። እርሾው ሙቀት ካገኘ እንደገና ይነሳና ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።»

«ጎባ ሙቀት ከየት ይመጣል?» አልኩት።

ማሩን ለጋስ ሆኜ በማንኪያ ጨመርኩ። ጠርሙሱም የወይን ሆነ፤ ቢራዬ ቆርኪ ለብሶ እንደ ማንም እንዲወጣ ክብሬ አልፈቀደማ! ቡሹን መትቼ አስገባሁ፣ በላዩ ሽቦ ጠመጠምኩ። ሳምንታት አለፉ፣ ምንም የሆነ ነገር የለም። የጎባ ብርድ እርሾውን አስተኝቶት ኖሯል። እኔ ግን ሥራውን የጨረሰ መሰለኝ። የገብስ አዋቂ ተብዬው!

እንዲህ ስኩራራ፣ ደሎ መና ላይ ትንሽ ሆቴል ያለው መስፍን የሚባል የድሮ ወዳጄ ደወለልኝ። ከተዘጋ እንግዳ ማረፊያ ዕቃ ሲገዛ አንድ ሳጥን የውጭ ወይን አብሮ ደርሶታል።

«እዚህ ሙቀት ላይ ማን ቀይ ወይን ይጠጣል? ሳይበላሽ ያንን ቢራህን ይዘህ ና፤ ጠርሙስ በጠርሙስ እንለዋወጥ» አለኝ። በነፃ ማለት እኮ ነው! ልቤ ከእኔ ቀድሞ መና ወረደ።

ወደ መና የሚመላለስ መኪና ያለው ደግሞ ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ነው። በኢሱዙው ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያወርዳል፣ ቡናና ማንጎ ያወጣል። ሠላሳ ዓመት ገደማ አጥር ተጋርተናል። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ የእኔንም ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ «የአልጋህን ሥር አላህ ያየዋል። እኔ የማየው በርህን ነው፤ በርህ ደግሞ ለሰው ክፍት ነው» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ሰው መኪና ላይ ቢራ ልጭን ነው። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ይቺ ካርቶን የሚሰበር ዕቃ ናት፤ ከኋላ ከሽንኩርቱ ጋር ላድርጋት።»

«የሚሰበር ከሆነማ ለምን ከኋላ? ከእኛ ጋር ይግባ እንጂ!» ብሎ ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ ጋቢና ውስጥ አስገባልኝ። በደግነቱ ተያዝኩ።

ሦስተኛዋ ተሳፋሪ ዘይነባ ነበረች፤ የከድር ልጅ ሚስት። ጎባ እናቷ ዘንድ ታርሳ፣ አርባ ቀኗን ጨርሳ፣ ሕፃኑን ይዛ መና ወደ ባሏ መመለሷ ነው። ምራት ከባሏ አባት ጋር ትከሻ ለትከሻ አትቀመጥም፤ ስሙንም አትጠራም። ስለዚህ እኔ እንደ አጥር መሀል ገባሁ። እሷ በሩ በኩል፣ ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ፣ ካርቶኔ በጋቢ ተጠቅልሎ በእኔና በእሷ እግር መካከል። የኢሱዙ ሞተር የት ያለ ይመስላችኋል? እዚያው ሥር ነው።

ከጎባ እንደወጣን የሳነቴ አምባ ዳገት ተቀበለን። ከድር ማርሹን ዝቅ አደረገ፣ ሞተሩ አጓራ፣ ወለሉ ይግል ጀመር። መስኮትስ? ሕፃን ይዞ መስኮት የሚከፍት ሰው ባሌ ውስጥ ገና አልተወለደም። «ንፋስ እንዳይመታው» ተብሎ ሁለቱም እስከ ጫፍ ተዘጉ። ዘይነባ ይባስ ብላ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈችው። ውጭው ውርጭ ነው፣ ውስጡ ያልባል።

ላዩ ላይ ደርሰን ረጅሙ የጅብራ ተክል በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ መታየት ሲጀምር፣ ሰማሁት።

ስስስስ...

መጀመሪያ ጎማ መሰለኝ። ቀጥሎ የሕፃኑ አፍንጫ መሰለኝ። ጆሮዬን ወደ ጉልበቴ ዝቅ ሳደርግ ግን አወቅሁት። ካርቶኑ ነው።

ከድር አየሩን ማግ ማግ አደረገ። «ያ ጃርሳ፣ አንድ ነገር አይሸትህም? ሊጥ ሊጥ የሚል?» አለኝ፤ ጃርሳ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው።

«እኔ እንኳ ጉንፋን ይዞኛል።»

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። «ሕፃኑ ነው፣ ጋሼ። ወተት አቅርሮ ነው። አፉ በሉኝ» አለች፤ ለአማቷ በቀጥታ መናገር አፍራ በእኔ በኩል።

ዕድሜው ገና በቀን የሚቆጠር ሰው ጥፋቴን ተሸከመልኝ። እኔ፣ ጢሜ የሸበተው፣ ዝም ብዬ አሸከምኩት።

እጄን በጋቢው ሥር አሾልኬ የአንዱን ጠርሙስ አንገት ዳሰስኩ። ትኩስ ነው። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቷል፤ ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። የዳዊት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ ያፈነዳዋል፣ ያፈነዳዋል። የእኔ እግር ምን ይሆናል፣ የድርሻውን ሄዷል። ከካርቶኑ በላይ ግን፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ የሕፃኑ ፊት ነበር። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አፉ በእንቅልፉ ይጠባል። ስልኬን አወጣሁ። ሳነቴ ላይ ኔትወርክ የለም።

«ታዲያ ለምን አትናገርም?» ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን የምለው ይህንኑ ነው። ሁለት ቃል ናት፤ «ቢራ ነው» ማለት። ምላሴ ግን እንደዚያ ከብዳኝ አታውቅም። ሐጅ ያደረገ ሰው መኪና፣ የልጅ ልጁ እግር ሥር፣ ያውም ዋሽቼ! ስለዚህ እንደ ሁሉም ፈሪ መላ መፈለግ ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ አቁምልኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«ሽንቴ መጣ።»

«አሁን? ስንነሳ ሸንተህ የለም እንዴ?»

«የሽማግሌ ሽንት ቀጠሮ አያከብርም።»

እየሳቀ አቆመ። ዘይነባ ልታሳልፈኝ ወረደች። ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን አቀፍኩ። ከድር ዓይኑን አፈጠጠ።

«ማል ጄታ! ምን ማለትህ ነው? ካርቶኑን የት ልትወስደው ነው?»

«ይዤው ልውረድ ብዬ...»

«ሽንትህን በካርቶን ነው እንዴ የምትሸናው?»

ዘይነባ ሳቋን በሻሿ አፈነች። እኔም ካርቶኑን መልሼ፣ ባዶ እጄን ወረድኩ። ጉሙ ውስጥ ቆሜ የማይመጣ ሽንት ጠበቅሁ። «ከድር፣ ቢራ ነው» ብዬ ተለማመድኩ። አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ። ለጉም መናዘዝ ቀላል ነው። ቆርጬ ስመለስ ከድር «ቶሎ ግባ! ብርዱን ለልጁ አስገባኸው!» ብሎ ጮኸ፤ ዘይነባ ተከትላኝ ገብታ በሩ ጓ ብሎ ሲዘጋ ወኔዬ ውጭ ቀረች።

ፉጨቱ ጨምሯል። አሁን አንድ ጠርሙስ ብቻ አልነበረም።

ወደ ሪራ መንደር የሚወርደው ቁልቁለት ጀመረ። መኪናው በየመታጠፊያው ሲወዛወዝ ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ቅጭል ይላሉ። ጉልበቴን በካርቶኑ ላይ አጋደምኩ፤ ቢያንስ እኔን ይቅደም ብዬ ነው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ከድር አንዴ አየኝና «አሞሃል እንዴ? ከንፈርህ ነጭ ሆኗል» አለ። «አላመመኝም» በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

ያኔ ዘይነባ ክንዷን አሸት አሸት አደረገች።

«ደነዘዘኝ፣ ጋሼ። ጉልበትዎን ትንሽ ያንሱልኝማ። ይኼ ጋቢ ለስላሳ ነው፣ ይሞቃልም። እዚህ ላይ ላስተኛው።»

እስክመልስላት አልጠበቀችም። ጎንበስ ብላ ሕፃኑን በካርቶኑ ላይ አስተኛችው። ትንሿ ጭንቅላቱ ልክ በሚያፏጨው ቡሽ ላይ ዐረፈች።

ከአፌ የወጣውን ድምፅ እኔ አላወቅሁትም። «አንሺው! አንሺው! ከድር አቁም! ቢራ ነው፣ ሊፈነዳ ነው!» ሕፃኑን ነጥቄ ራሴ አንስቼዋለሁ። ፍሬኑ ጮኸ፤ መኪናው አፍንጫውን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆመ።

ከድር አየኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ሰው ግድግዳው የተናደበትን ቤት እንደሚያየው ነው። ከዚያ ዞሮ «ዘይነባ፣ ልጁን ይዘሽ ውረጂ። ከመኪናው ኋላ፣ ራቅ በይ» አላት።

እሷ ሮጠች። እኔ ካርቶኑን ላነሳ ተንበረከክሁ፤ ጋቢው ከጣቶቼ አመለጠኝ።

«ተወው» አለ ከድር በዘይነባ በኩል ወዳለው በር ዞሮ መጥቶ። «አንተ ይዘኸው ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?»

«ሐጂ፣ አይሆንም፣ እኔው...»

«ውረድ አልኩህ!»

ኮቱን አውልቆ በካርቶኑ ላይ ጣለበት። አቅፎ አወጣው። ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ ያልነካ ሰው ቢራዬን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ወተት የሞላ ዕቃ እንደያዘ ሰው እግሩን እየመረጠ፣ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቋጥኝ ሄደ። «ቢስሚላሂ፣ ቢስሚላሂ» ሲል ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ማርያምን ጠራሁ። በቋጥኙ ጀርባ ጎንበስ አለ፤ አስቀመጠው፤ ግራ እጁን አወጣ፤ ቀኙን ሊያወጣ ሲል...

ጧ!

ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ነጭ አረፋ በቋጥኙ አናት ላይ ፏ ብሎ ወጣ። ከድር ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ተቀመጠ፤ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ይዞታል፣ ደሙ በእጅጌው ውስጥ ይወርዳል።

ዘይነባ ሮጣ መጣች። ሕፃኑን እኔ እቅፍ ውስጥ ወረወረችው ማለት ይቻላል። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ፣ ስሙን እንኳ የማትጠራውን ሰው እጅ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ጠመጠመችው። እኔ በዚያ ብርድ ሕፃኑን ይዤ ቆምኩ። ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን አገላብጬ አየሁ። አንድ ጭረት የለበትም። ነቅቶ ያየኛል። ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ከድር በግራ እጁ መሪውን ያዘ። «ማርሽ የምትቀይረው አንተ ነህ» አለኝ።

«እኔ እኮ መኪና ነድቼ አላውቅም!»

«ቢራም ጠምቀህ አታውቅም ነበር። ፍሪሲዮን ስረግጥ ወደ ኋላ ሳብ። ሳብ!»

ሳብኩ። መኪናው እንደታረደ በሬ ጮኸ። «ወደ ፊት! ኧረ ወደ ፊት፣ ጃርሳ!» መታጠፊያው መጣ፣ ገደሉ በዘይነባ መስኮት በኩል ጥልቅ ብሎ ታየ፣ ሻሹ እየቀላ ሄደ፣ የከድር ግንባር አመድ መሰለ። ሦስታችንም ቢራ ቢራ እንሸታለን። ወደ ሪራ ያለው መንገድ ያንን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም።

ሪራ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሰው ተሰበሰበ። ሐጂን የማያውቅ የለማ። የሕክምና ባለሙያው ከሌላ ክልል የመጣ ወጣት ነው፤ ሻሹን ሲፈታ አፍንጫውን አንዴ ወደ ከድር፣ አንዴ ወደ ኢሱዙው አዞረ። ደጅ ያሉትም ሹክሹክታ ጀመሩ። «ሐጂ ከድር? ወላሂ? መኪና እየነዳ?»

ያኔ ምላሴ ተፈታች። በሩ ላይ ወጣሁና ለተሰበሰበው ሁሉ ጮኼ ተናገርኩ። «ቢራው የእኔ ነው! እሱ አልጠጣም! እኔ ደብቄ ጭኜበት፣ እሱ ከልጅ ልጁ ሊያርቅ ሲል ነው የቆሰለው! ሽታውም ጥፋቱም የእኔ ነው!» አንድ ሽማግሌ አገጩን ይዞ አየኝና «ኤዬ፣ ሽበት ብቻውን ሰው አያደርግም» አለ። እውነቱን ነው።

እጁ ተሰፋ። ጅማት ሳይነካ አይቀርም፣ ጎባ ሆስፒታል ይታይ ተባለ። የዘይነባ ባል ከመና መጥቶ ሚስትና ልጁን ወሰደ፤ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። እኔና ከድር የሚመልሰን ሹፌር እስኪገኝ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስድብ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስለ መጠጡ ከፈጣሪህ ጋር ትነጋገራለህ» አለ መጨረሻ ላይ። «እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ከጎባ ጀምሮ ዝም ያልከው ማንን ፈርተህ ነው?»

«አንተን» አልኩት።

«እኔን?» ፊቱን አዞረ። የተሰፋው እጁ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል። «ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ኖረህ፣ እኔን ፈራህ?»

ጠርሙስ እንደዚያ አይቆርጥም።

አንባቢዎቼ፣ ወይን መሰብሰብ ተውኩ ብዬ አልዋሻችሁም። አልጋዬ ሥር አሁንም ሥራ ላይ ነው። መስፍን ቆይቶ ከዚያ ሳጥን አንድ ጠርሙስ ላከልኝ፤ ከዳዊት ጋር ቀመስነው። እሱ «ግሩም ነው» አለ። እኔን የሸተተኝ ሞቅ ያለ ጋቢና የሕፃን ወተት ነበር። ቢራም ዛሬ የምጠምቀው ማሩን በጠብታ፣ ጠርሙሱንም የሚገባውን አድርጌ ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። ደግ ሰውን ማክበር እየመሰለን የምንዋሸው ውሸት አለ፤ «ይከፋዋል»፣ «ይታዘበኛል» እያልን። ያ ውሸት ለእሱ ክብር አይደለም። ሰውዬውን ጨካኝ አድርጎ መቁጠር ነው፤ በልባችን ፈርደንበት ሲያበቃ ፊቱ ላይ እንስቅለታለን። እናንተም እንዲህ ያለ ካርቶን በሰው መኪና ውስጥ ካላችሁ፣ ሰው ሳይተኛበት ተናገሩ። እኔ የተናገርኩት ሕፃን ከተኛበት በኋላ ነው፤ የተረፍነውም በእኔ ብልሃት አልነበረም።

እኛ ዘንድ ሰላምታ እጅ መሳሳም ነው፤ እሱ የእኔን ይስማል፣ እኔ የእሱን። ከድር ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣቶች አይታጠፉለትም። ግራውን ሰጥቶኝ ቢያልፍ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ የሚዘረጋልኝ ያንኑ ቀኙን ነው። ሁለቱን ጣቶች እስማለሁ።

«ትናንት ምን ቀመስክ፣ ጃርሳ?» ይለኛል።

አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ።